ርዕስ በርዕስ ላይ፦ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ግጥም መልቀም

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ከቀኑ ሰባት እስከ አሥር ሰዓት ብዙ የሚሠራ ነገር የለም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲነካ ሱቁ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ሰዉም ወይ ያሸልባል ወይ ጫቱን ይዞ በርጫው ላይ ይሰየማል። እንቅልፉም በርጫውም ያልያዘው ሰው ምን ያድርግ? መደርደሪያው ፊት ቁጭ ይበልና መጻሕፍቱን ግጥም ያስገጥማቸው። ይህን የምጽፈው ለእሱና ለጎረቤቶቹ ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይወደድ «እናንተ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ሲቆም ርዕሱ የሚነበበው በቀጭኑ ጎኑ ነው። (አንዳንዱ ሰው «ጀርባ» ይለዋል፤ የኋላ ሽፋኑም «ጀርባ» ስለሚባል እኔ «ጎን» እላለሁ።) ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ መጻሕፍት አጋድማችሁ አንዱን በሌላው ላይ ስትከምሩ ርዕሶቹ ከላይ ወደ ታች እንደ ስንኝ ይነበባሉ። ከራሳችሁ አንዲት ቃል አትጨምሩም። ግጥሙን የምትጽፉት በእጃችሁ ሳይሆን በምርጫችሁ ነው። አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ኒና ካቻዱሪያን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰው ቤትና በቤተ መጻሕፍት እየዞረች ርዕሶችን ስትከምርና ፎቶ ስታነሳ ኖራለች። ጨዋታው ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን አንድ ነገር ይገለበጣል፤ እሱን ጥቂት ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ መጻሕፍት ሰብስቡ። ሃያ ርዕስ ለመጀመር ይበቃል፣ ሠላሳ ሲሆን ይጥማል፣ ከስልሳ ካለፈ ምርጫው ራሱ ያደክማል። የራሳችሁ ካልበቃ ተዋሱ። ልብ ወለድ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ፤ የትዝታ መጽሐፍ፣ ታሪክ፣ ትርጉም፣ ተውኔት፣ የልጆቹ የትምህርት መጽሐፍ ሳይቀር ይምጣ። እንዲያውም ጨዋታውን የሚያስቀው ብዙ ጊዜ ኮስታራው መጽሐፍ ነው። ቀጫጭኖቹ የግጥም መድበሎች በሽቦ ስለሚመቱ ጎናቸው ባዶ ነው። እነሱን አትጣሏቸው፤ ርዕሱን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉና ጫፉ እንዲታይ አድርጋችሁ በገጾቹ መካከል ሰኩት።

አቧራውንም አራግፉ። የድሬ አቧራ ርዕስ ይበላል።

ቀጥሎ ርዕሶቹን ሁሉ አንድ በአንድ በብጣሽ ወረቀት ላይ ገልብጡ። በዚያ ሙቀት ሠላሳ መጽሐፍ እያነሱ መጣል ላብ ብቻ ነው፤ ወረቀቱን ግን ምንጣፍ ላይ ዘርግታችሁ በጣት እየገፋችሁ ታዘዋውሩታላችሁ። መጻሕፍቱን የምታነሱት ግጥሙ ካለቀ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በአማርኛ ነገሩን የሚቋጨው ግሥ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ የድሮ የሰዋስው መምህራን ማሰሪያ አንቀጽ የሚሉት እሱን ነው። የመጽሐፍ ርዕስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስም ነው፣ ማሰሪያ የለውም። ስም በስም ላይ ብትከምሩ የሚወጣው የአስቤዛ ዝርዝር ነው። ከዚራ የባቡር ልጅ ናትና በባቡር ላስረዳ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ ነው ፈረንሳዮቹ ይህን ቀጥ ያለ መንገድና የዛፍ ጥላ የዘረጉት፤ ሰፈሩም «ፉርጎ» የሚለውን ቃል ከእናት ጡት ጋር ጠብቶታል። ስሞቹ ፉርጎዎች ናቸው። በሌላ ቋንቋ ሎኮሞቲቩ ወደ ፊት ተጠግቶ ይጎትታቸው ይሆናል፤ በአማርኛ ከኋላ ቆሞ ይገፋቸዋል። ስለዚህ ሎኮሞቲቩን ሳትይዙ ፉርጎ አትልቀሙ። ደግነቱ ክምር የሚሠራው ከታች ወደ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ የምታስቀምጡት መጽሐፍ የግጥሙ የመጨረሻ ስንኝ ነው። ግሣችሁን አስቀምጡና ወደ ላይ ገንቡ።

እንግዲህ ከብጣሾቹ መካከል ግሥ ያለባቸውን ለይታችሁ ለብቻ አኑሩ። ጥቂት ናቸው፤ እንደ ወርቅ ያዟቸው። የስብሐት ገብረእግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» አለ። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» አለ፤ በ1955 ዓ.ም. ወጥቶ የታገደው። የመሐመድ ሰልማን «ፒያሳ ማህሙድ ጋ ጠብቂኝ» ራሱን የቻለ ቀጠሮ ነው። ሐረር የተወለደው ገብረክርስቶስ ደስታ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» አለው። ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ደግሞ ለማንኛውም ግጥም መጨረሻ የተሰፋ ይመስላል። ከልክ በላይ አትጠቀሙበት እንጂ የማይዘጋው ነገር የለም።

ከሁሉም በላይ ግን የዘነበ ፈለቀን «ነበር» ፈልጉ። አንዲት ቃል ናት፤ ያውም ማሰሪያ። ከዘነበ ወላ «ልጅነት» ሥር ስታስቀምጧት፦

ልጅነት
ነበር

ሁለት ቃል፣ ሁለት መጽሐፍ፣ አለቀ። ለገሃር ደጃፍ ቆሞ የድሮውን ባቡር ያስታወሰ ሁሉ ይገባዋል።

ግሥ የማይመስሉ ግሦችም አሉ። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» የሰው ስም ነው፤ ፊደሉ ግን ትእዛዝም ነው። ከብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» በታች አድርጉትና አንብቡ፦ «ማዕበል፣ አደፍርስ!» የመጽሐፉ ዋና ሰው ድንገት ግሥ ሆነ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጣ «አበቃ፣ አከተመ» የሚል ቃል ስለሆነ በግሥ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ግሥ አጥሮኛል ከማለታችሁ በፊት ስሞቹን ሁሉ ጮክ ብላችሁ ጥሩ፤ የሚያዝ ስም አይጠፋም።

ግሦቹ ከተለዩ በኋላ ቦታና አቅጣጫ የሚያመለክቱትን ሁለተኛ ቁልል አድርጓቸው፤ «ከአድማስ ባሻገር»፣ «ከአሜን ባሻገር»፣ «ከቡስካ በስተጀርባ» ዓይነቶቹን። መሐል ላይ ድልድይ ይሆናሉ። የቀሩት ስሞች ሦስተኛው ቁልል ናቸው፤ እነሱን ማንም ይለያቸዋል።

አሁን ግጠሙ። በሁለት ስንኝ ጀምሩ፦

ፒያሳ ማህሙድ ጋ ጠብቂኝ
ሌቱም አይነጋልኝ

ቤት ይመታል፣ ሐሳቡም ሙሉ ነው። ሁለቱን ደራሲዎች በአንድ አልጋ ላይ ያስተኛቸው የቀጠሮ ናፍቆት ነው። ስብሐት ይህን ቢሰማ የሚቀየም አይመስለኝም።

ሦስት ስንኝ ሲሆን ጥሩ ልምምድ የሚሆነው የአንድ ደራሲ ርዕሶችን ብቻ መጠቀም ነው። የስብሐትን ሦስት መጻሕፍት ከመደርደሪያ አውርዱ፦

ትኩሳት
አምስት ስድስት ሰባት
ሌቱም አይነጋልኝ

አሞት ያደረ ሰው ያውቀዋል። መካከለኛው ስንኝ የሌሊት ሰዓት ቆጠራ ሆኗል፤ በእኛ አቆጣጠር አምስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ሰባት ሰዓት፣ ንጋቱ ግን ገና። ይህ ግጥም በሌላ አገር ሰዓት አይሠራም። «ትኩሳት» እና «ሰባት» ደግሞ ሳይጠሯቸው ቤት መቱ። (ንዑስ ርዕስ ወይም «እና ሌሎች» የሚል ጭራ ያለውን መጽሐፍ ጭራውን መቁረጥ ይፈቀዳል፤ ከፊት መቁረጥ ግን ክልክል ነው።)

አዳም ረታ ለዚህ ጨዋታ የተፈጠረ ደራሲ ነው። የጾም ምሳ ለመሥራት ሁለት መጽሐፍ ከእሱ፣ አንድ ከነቢይ ወሰድኩ፦

አለንጋና ምስር
ከሰማይ የወረደ ፍርፍር
ነገም ሌላ ቀን ነው

የወር መጨረሻ ላይ ከሆናችሁ ይበልጥ ይጣፍጣል።

ከጾሙ ምሳ ወደ ፀጉር አስተካካይ ቤት እንሂድ። እዚያ ሁሌም አንድ ሰው አለ፤ የትም ሳይሄድ ስለ ሁሉም አገር የሚያወራ። ለእሱ የልዑል ራስ እምሩን የትዝታ መጽሐፍና የከበደ ሚካኤልን አንድ ሥራ አገናኘኋቸው፦

ካየሁት ከማስታውሰው
ጃፓን እንደምን ሠለጠነች

ሁለቱም የተከበሩ፣ ኮስታራ መጻሕፍት ናቸው፤ ሲጋደሙ ግን ቧልት ወጣቸው። ኮስታራውን አምጡ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሰምና ወርቅ አንድ ነገር ልበል። ለማያውቀው ሰው ክምሩ በላዩ የሚነበበው ነገር ብቻ ነው፤ ያ ሰሙ ነው። መጻሕፍቱን ላነበበ ሰው ግን ከእያንዳንዱ ርዕስ ጀርባ ሌላ ነገር ይነሳል። የአቤ ጉበኛን ሁለት መጻሕፍት ውሰዱ፦

አንድ ለእናቱ
አልወለድም

በሰሙ እናቱን ያስቸገረ ግትር ልጅ ነው፤ ያስቃል። «አንድ ለእናቱ» ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተጻፈ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ግን ሳቁን በግማሽ ያቆማል፤ የቋራው ካሳ አልወለድም ቢል ኖሮ ታሪካችን ምን ይመስል ነበር? ያ ወርቁ ነው። ስለዚህ ሁለት ክምር እኩል ካማራችሁ መጻሕፍቱን ያነበባችሁበትን ምረጡ። ርዕሱን ብቻ የምታውቁት መጽሐፍ ሰም ብቻ ይሰጣችኋል። (ሰም ብቻ ይዞ ወርቅ አለኝ የሚል ገጣሚ በመጽሐፍ ክምርም፣ በመድረክም ሞልቷል።)

ስሕተቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ግን ጆሮ ይቧጥጣሉ። የመጀመሪያው የቁጥር ስምምነት ነው። የበዕውቀቱ ስዩምን «ኗሪ አልባ ጎጆዎች» ከ«ነበር» በላይ ብታደርጉ ስሜቱ አለ፤ ጎጆዎቹ ግን «ነበሩ» ይፈልጋሉ። በወግ ሲወራ ያልፋል፣ ሲነበብ ይንገዳገዳል። «ነበር»ን ለነጠላ ስም አቆዩት። ሁለተኛው መደብ ነው። ይህን ተመልከቱ፦

ወንጀለኛው ዳኛ፦
የኅሊና ደወል
ሌቱም አይነጋልኝ

ከሐዲስ ዓለማየሁ «እሱ» ተነስተን በስብሐት «እኔ» ላይ ጨረስን። የሚያድነን ከመጀመሪያው ስንኝ በኋላ ያለው ሁለት ነጥብ ከሰረዝ ነው፤ ዳኛው አፉን ከፈተ ማለት ነው፣ የቀረው የራሱ ንግግር ነው። ሥርዓተ ነጥብ በድምፃችሁ መጨመር ይፈቀዳል። «ና»፣ «ን»፣ «ም» መለጠፍ ግን አይፈቀድም። አንድ ጊዜ «ን» ከፈቀዳችሁ ነገ ሙሉ ግሥ ይዞ የሚመጣ አለ፤ ድሬ ላይ ደግሞ ተከራካሪ አይጠፋም።

ቤት መምታትን በተመለከተ አትጨነቁ፤ ብዙው በራሱ ይመጣል። በ«ኦች» የሚያልቁ ርዕሶች ብቻ አንድ መደርደሪያ ይሞላሉ፦ «ግራጫ ቃጭሎች»፣ «በራሪ ቅጠሎች»፣ «ኗሪ አልባ ጎጆዎች»፣ «የብርሃን ፈለጎች»። አራቱን ብትከምሩ ግን ሦስተኛው ላይ አድማጩ ያዛጋል። በሁለቱ ቤት ምቱ፣ ሦስተኛው ይስበር። ጭራሽ ቤት ሳይመታም ይሆናል፤ ለምሳሌ መንገደኛ ለበዛባት ከተማ፦

መንገድ ስጡኝ ሰፊ
ከአድማስ ባሻገር
ይወስዳል መንገድ ያመጣል መንገድ

አንድም ቤት አልመታም። ግን «መንገድ» ሦስት ጊዜ ሲመላለስ እንደ ጎማ ይሽከረከራል፤ ይበቃዋል። ይህን በከዚራ መንገድ ላይ ለቆመ ባጃጅ ነጂ አንብቡለት፤ የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ ነው የሚሰማው።

ጨዋታውን በቡድን ለማድረግ ቡና ይፈላ። ብጣሾቹን ኮፍያ ውስጥ ጨምሩና እያንዳንዱ ሰው ሰባት ሰባት ያውጣ። በአቦል ሁለት ስንኝ፣ በቶና ሦስት ስንኝ፣ በበረካ እስከ አምስት። በግዕዝ ቅኔ ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና፣ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ ይባላልና የእኛንም በዚያ ስም መጥራት እንወዳለን፤ ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉን። ሲኒው በተቀየረ ቁጥር አንድ ብጣሽ መለወጥ ይቻላል። ማሰሪያ ያጣ ሰው ከጎኑ ካለው ይለምናል፤ ያም እንካስላንቲያ ውስጥ እንዳደገ ሰው በነጻ አይሰጠውም። ግጥሙ አንድ ጊዜ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ካነበበ በኋላ ማብራራት የጀመረ ተሸንፏል፣ ሲኒ ያጥባል። ከባድ ፊት ይዞ ስለ ሞትና ስለ ትውልድ የከመረውን ደግሞ ቤቱ ራሱ «አቦ አታካብድ!» ብሎ ይፈርድበታል።

የድሬ መደርደሪያ በአማርኛ ብቻ አይቆምም። ኦሮምኛም ሶማልኛም እንደ አማርኛ ግሣቸውን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ስለዚህ የኦሮምኛ ርዕስ ለአማርኛ ክምር ማሰሪያ ሊሆን ይችላል፣ የሶማልኛውም እንዲሁ። ቡናው ላይ ያለው ሰው ሦስቱንም ስለሚሰማ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ከባቡሩ ዘመን የተረፈ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ካላችሁ ግን ከላይ አስቀምጡት፤ ግሡን መሐል ላይ ስለሚጥል ከታች ሲሆን ያደናቅፋል።

ግጥሙ ሲያልቅ መጻሕፍቱን አምጡና በእውነት ከምሩ። የአንዱ መጽሐፍ ርዕስ በጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች፣ የሌላው ከታች ወደ ላይ ይጻፋል። ከላይ ወደ ታች የሚሄደውን የፊት ሽፋኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ከታች ወደ ላይ የሚሄደውን ደግሞ በፊቱ ደፍታችሁ አጋድሙት፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይነበባሉ። ወፍራሙ መሐል ገብቶ ቀጭኑን ከሥሩ ቢያደርገው ክምሩ ያዘነብላል፤ ከኋላ በኩል ሌላ መጽሐፍ አቁማችሁ ደግፉት። ትርጉሙን ለሚዛን ብላችሁ አታፍርሱ። ፎቶ ካሰኛችሁ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ተኩል በረንዳ ላይ አንሱ። ከዚያ በኋላ የከዚራ ፀሐይ የሚያብረቀርቀውን ሽፋን መስታወት ታደርገዋለች። ሌላው አገር «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው ቀይ አበባ ያለው ዛፍ ደጃፋችሁ ካለ ጥላው ደግ ነው፤ አበባው ግን በፎቶው ውስጥ አይግባ፣ ዓይን ከርዕሱ ይሰርቃል።

በመጨረሻም ክምሩን ቶሎ አታፍርሱ። ሁለት ሦስት ቀን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ይቆይ፤ የሚያልፍ የሚያገድመው ያነበዋል፣ መልስ የሚሰጥም አለ። እኔ አንድ ሰሞን በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የሐዲስ ዓለማየሁን ትልቅ መጽሐፍ ከላይ አድርጌ እንዲህ ከምሬ ወጣሁ፦

ፍቅር እስከ መቃብር
ነበር

ማታ ስመለስ ከሥሩ ሦስተኛ መጽሐፍ ገብቷል፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው»። ማን እንዳስገባው ቤቱን ሁሉ ብጠይቅ አመነ የሚባል ሰው ጠፋ። እናቴ ቡና እየቆላች ዞር ብላም አላየችኝም። በማግሥቱ ጎረቤታችን መጣ። «ነበር»ን የተዋስኩት ከእሱ ነበር፤ ከመሐል መዞ በብብቱ ሸጉጦ ወጣ። ሁለቱ መጻሕፍት ግጥም ብለው ቀሩ፦

ፍቅር እስከ መቃብር
ነገም ሌላ ቀን ነው